ካንዴላ የሌላት መኪና

ጋሼ መኪና ሲያዩ ከፊቷ አይጀምሩም፤ ከሆዷ ነው። የመኪና ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ገብተን ገና አሥር እርምጃ ሳንራመድ፣ መብራት ከላይ የወረደባት ነጭ ቢዋይዲ ዶልፊን ፊት ቆሙና ኮታቸውን አውልቀው ሰጡኝ። በሰባ አንድ ዓመታቸው ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩ፤ ቀጥለውም በጎናቸው ጋደም አሉ። እጃቸውን ከሥሯ ሰድደው አውራ ጣታቸውን መሬት አስነኩ፣ ሌሎቹን ጣቶች ወደ ላይ ዘረጉ።

«አባባ፣ ምን ወደቀብዎት?» ብላ የሽያጭ ሠራተኛዋ እየሮጠች መጣች።

«ምንም አልወደቀብኝም የኔ ልጅ። ስንዝር አትሞላም።»

ባለቤቴ ፊቷን ወደ ሌላ መኪና አዞረች። እኔ አላፈርኩም፤ ቅዳሜ ጠዋት ከቤታቸው ሄጄ ያመጣኋቸው ይህንኑ እንዲያደርጉልኝ ነው። ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በነበረ ጋራዥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቱታ ለብሰዋል። ላዳ ፈትተው ገጥመዋል፣ ሞተ የተባለ ዲኤክስ አስነሥተዋል። በቤተሰባችን እሳቸው ሳያዩት መኪና አይገዛም፤ «ተወው» ያሉትን ገዝቶ ያልተጸጸተ ዘመድም አላውቅም። ከሁለት ወር በፊት የሸጥኳትን ቪትዝ የመረጡልኝም እሳቸው ነበሩ።

የቪትዟ ገንዘብ ባንክ ተቀምጧል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ግን ባንክ የተቀመጠ የመኪና ገንዘብ ፀሐይ ላይ እንደተረሳ ቅቤ ነው። ስለዚህ ቸኩለናል። ቸኩሎ መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ ጋሼን የመሰለ አዘግዪ ያስፈልገዋል።

ኤግዚቢሽኑ ላይ የተደረደሩት አዳዲስ የቤት መኪኖች በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ነበሩ። ይህ የሆነው በአንድ ሌሊት አይደለም። በመጀመሪያ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መጣና ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ፤ የእኔዋ ቪትዝና እህቶቿ በመርከብ ተጭነው የሚመጡበት መንገድ ያን ጊዜ ተዘጋ። በ2014 ዓ.ም. ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ። ተገጣጥሞ ለሚመጣው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ ጉምሩክ ቀረ፤ ሙሉ ለሙሉ ተፈታትቶ ለሚገባው ምንም። በመጨረሻ በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ለምክር ቤት ተናገሩ። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ መብራት ከወንዝ ይመጣል፤ የመንግሥት ሒሳብ ይህ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሒሳቡ ለአገር ያስኬዳል። እንደ እኔ ላለ የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ ያስኬድ እንደሆነ ግን አዳራሹ ውስጥ የሚነግረኝ አልነበረም።

ከሁሉ በፊት የገረመኝ ጸጥታው ነው። ጋሼ መኪና ሲመርጡ ከረዥም ካቻቢቴ ጋር ነበር የሚሄዱት፤ ብረቱን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው እንደ ሐኪም ያዳምጡ ነበር። የኩሽኔታን ጩኸት ከቫልቭ መንቋቋት የሚለዩት በዚያ ነው። እዚህ ግን የሚደመጥ የለም። ሠራተኛዋ ቁልፍ ተጫነች፤ ስክሪኑ በራ፣ «ተነሥታለች» አለች።

«ማን?» አሉ ጋሼ።

ኮፈኗን አስከፈቱ። ከሥሩ ጥቁር ፕላስቲክ ክዳን፣ ጥቂት ሳጥኖች፣ ወፍራም ብርቱካናማ ገመዶች። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ መርማሪ ጠየቁ።

«ካንዴላው?»

«የለውም አባባ።»

«ሞተሪኖ?»

«የለም።»

«ፍሪሲዮን አይኖርም መቼም። ማርሚታ?»

«ጭስ ስለሌላት አያስፈልጋትም።»

«ቴስታታ የለ፣ ካምቢዮ የለ...» ለእሷ መናገራቸውን ትተው ለራሳቸው ይቆጥሩ ጀመር።

የአገራችን ጋራዥ የሚናገረው ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያንኛ መሆኑን ረስተነዋል እንጂ ከካቻቢቴው እስከ ቱታው፣ ከካንዴላው እስከ ማርሚታው ከዚያ የመጣ ነው፤ መካኒክ ለልጁ፣ ልጁ ለረዳቱ ሲያቀብለው ኖረ። ቤንዚን የሚጠጣው ሞተር ሲሄድ ግማሹ መዝገበ ቃላት አብሮት ይሄዳል። ኩሽኔታ ይቀራል፣ ክሪክ ይቀራል፣ ፍሬን ይቀራል፤ ጎሚስታም እንጀራውን አያጣም። እንዲያውም ሥራው ሳይበዛለት አይቀርም፤ ባትሪ የተሸከመች መኪና ትከብዳለች፣ ከባድ መኪና ጎማ ትበላለች። ብርቱካናማዎቹን ገመዶች ግን ጋሼ አልነኩም። ቀለሙ የከፍተኛ ቮልቴጅ ምልክት ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚሄድበት ገመድ በባዶ እጅ የሚፈተሽ አይደለም።

በሁለተኛዋ መኪና ኮፈን ሥር ግን ፊታቸው በራ። ከጥግ በኩል ትንሽዬ ባትሪ ተቀምጣለች፤ ያችው የምናውቃት 12 ቮልት። «ይቺንስ አውቃታለሁ!» አሉ፤ ባዕድ አገር ዘመድ ያገኙ ይመስል ነበር። እውነትም ዋና ነገር ነው የያዙት። ወለሉ ሥር ያለው ግዙፍ ባትሪ መኪናዋን ይነዳል እንጂ የሚቀሰቅሳት ይቺ ትንሿ ናት። የበሩ ቁልፍ፣ ኮምፒውተሩ፣ ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው መቀየሪያ ሁሉ ከእሷ ነው የሚታዘዘው። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ እስከ አፉ ተሞልቶም መኪናዋ አትነሣም። የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ አንድ ጠዋት «ባትሪዬ ሞተ» ብሎ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሞተችበት ይቺው ርካሿ ናት።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። እያንዳንዷ መኪና አጠገብ በቆመው ሰሌዳ ላይ ከሁሉ ገዝፎ የተጻፈው ቁጥር «በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» የሚለው ነው። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ የሚያነሣውም እሱኑ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ የቤት ሥራ ሠርቼ ነበር፤ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስን ወሰድኩ። 60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ የተሸከመችው ይህች መኪና በቻይና ወረቀት ላይ 510 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። አቶ 3 በሚል ስም አውሮፓ ስትሸጥ ደግሞ በዚያው ባትሪ 420። ዘጠና ኪሎ ሜትሩን ባሕር አልዋጠውም፤ ፈተናው ነው የተለየው። የቻይናው መለኪያ መኪናዋን በአማካይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ባልሞላ ፍጥነት ያስኬዳታል፤ የአውሮፓው ከ46 ያልፋል፣ ጣሪያውም ከ130 በላይ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ነፋሱ ይከብዳል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል።

ደግነቱ የአዲስ አበባ መጨናነቅ ለቻይናው ቁጥር ጠበቃ ቆሞለታል። ከመገናኛ ሜክሲኮ በሥራ መውጫ ሰዓት የነዳ ሰው ከቻይናው ፈተናም በታች ነው የሚሄደው። ቁጥሩ የሚያታልለው ከከተማ ስንወጣ ነው። እኔ ለክፍለ ሀገር መንገድ ከሰሌዳው ላይ ሩቡን ቀንሼ ነው የማስበው፤ ሠራተኛዋ ይህን ስነግራት «እርስዎ በጣም ተጠራጣሪ ነዎት» አለችኝ።

የአዳማን መንገድ አነሣሁባት። ወደ አዳማ ስንወርድ መኪናዋ እምብዛም አትበላም፤ ስንመለስ ግን ዳገቱ አለ። የከፍታው ልዩነት ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ቢሆን፣ ከነተሳፋሪዋ 1,700 ኪሎ የምትመዝን መኪና ከፍታውን ለመውጣት ብቻ ሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ትፈልጋለች። ይህ ከተራው ጉዞ በላይ የሚከፈል ነው፤ በዚያ ላይ የፍጥነት መንገዱ አለ። ሄጄ የተረፈኝን አይቼ «እመለስበታለሁ» ብዬ ብነሣ የምቀርበት ቦታ ይታየኛል። ጋሼ በዚህ ነጥብ ላይ ኤሌክትሪክን ደገፉ። «ቤንዚኑስ?» አሉኝ፤ «እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሳስቶ ሞተር ሲያለከልክ ስንት ዓመት ካርቡሬተር ሳስተካክል ኖርኩ?» ልክ ናቸው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ እንጦጦ ላይም ጅቡቲ ወደብ ላይም ጉልበቱ ያው ነው።

እንጦጦን ሲያነሡ ሌላ ጥያቄ መጣባቸው። ሠራተኛዋ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን መልሶ እንደሚሞላ፣ የፍሬን ሸራም ስለዚህ ዓመታት እንደሚቆይ አስረድታ ጨርሳለች።

«እሺ የኔ ልጅ፤ ዳገት ላይ የሚያድር ሰው ሌሊቱን አፍ እስከ ገደቡ ሞልቶ ጠዋት ሲወርድ፣ የሚመለሰው መብራት የት ይገባል?»

ልጅቷ ሳቀችና ቴክኒሻን ጠራች። ወጣቱ ባለሙያ ጋሼን ከእግር እስከ ራሳቸው አየ፤ ከዚያ በኋላ «ጋሽዬ» ማለት ጀመረ። የሚገባበት ቦታ የለውም አለ፤ ባትሪው ሙሉ ሲሆን ኮምፒውተሩ አይቀበልም፣ ሥራው ሁሉ ወደ ተራው ፍሬን ይመለሳል። ከሽሮ ሜዳ በላይ የሚኖር ደንበኛ ጥቂት አጉድሎ ቢያድር ይሻለዋል። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ቀን ካገኙት ሰው ሁሉ የወደዱት ይህንን ልጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ምርጫው ፈጠነ። የትንሿ ቢዋይዲ ሲጋል ስሟም መጠኗም ባለቤቴን ማርኳት ነበር፤ በጠባብ መንገድ ትሾልካለች፣ ለኪሳችንም ከሁሉ የቀረበች ናት። የኋላ በሯን ከፍታ ቀበቶዎቹን ቆጠረች። ሁለት ናቸው። ለአራት ሰው የተሠራች መኪና ናት፣ እኛ ከነልጆቻችን አምስት ነን። በሩን ዘግታ ሄደች። ሻጩ «ልጆች አይደሉ፣ ይጠጋጋሉ» ያለው ከኋላዋ ነው የደረሰው።

ጋሼ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በዓይናቸው የሚፈልጉትን አገኙ፤ የቶዮታ ምልክት። ቢዚ 3 የምትባል፣ ረዘም ያለች ሰዳን። ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። «ይቺ አትከዳም» አሉ። ያን ጊዜ ወሬውን መንገር ግድ ሆነብኝ፦ ባትሪዋም ሞተሯም ቶዮታ የሠራቸው አይደሉም፤ የቢዋይዲ ናቸው። ቻይና ውስጥ በሽርክና የምትመረት መኪና ናት። ጋሼ ምልክቱን አዩት፣ ዶልፊኗ ወደቆመችበት ዞረው አዩ፣ ተመልሰው ምልክቱን አዩት።

«ታዲያ ቶዮታው የቱ ላይ ነው?»

እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። በእኛ አገር ቶዮታ ማለት ብረቱ ብቻ አልነበረም። ሱማሌ ተራ ወርዶ ዕቃውን ማግኘት፣ የትም ከተማ የሚፈታው ሰው ማግኘት፣ ስትሸጣት በቀናት ውስጥ ደላላ መደወሉ፤ ያ ሁሉ ተደምሮ ነው ቶዮታ። ከዚያ ውስጥ ምልክቱ ይዞት የመጣው ስንቱን እንደሆነ የምናውቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ባለሰባት መቀመጫዋ ቮልስዋገን አይዲ 6 ዘንድ ሰው ታጭቆ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ እንደልብ የምትታየው ይህች ጀርመን መሰል መኪና በጀርመን አትሸጥም፤ ቻይና ውስጥ ለቻይና ገበያ የተሠራች ናት። ገብተን ተቀመጥን፤ ሰፊ ናት፣ ምቹ ናት። ስክሪኗ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ ቻይንኛ ነው። አስጎብኚው ወጣት ሁለት ዓረፍተ ነገር ቻይንኛ ሸምድዷል፤ በአንደኛው መስኮቱን ይከፍታል፣ በሁለተኛው ይዘጋል። ጭብጨባ ተደረገለት። ባለቤቴ ግን «ችግር ሲኖር የምታሳየው ማስጠንቀቂያስ በምን ቋንቋ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ወጣቱ በስልክ ካሜራ አስተርጉመው የሚያነቡ ደንበኞች እንዳሉ ነገራት። ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ፣ ቀለበት መንገድ ዳር ቆሞ፣ ስልክ አውጥቶ ማስተርጎም። ሁላችንም ዝም አልን።

የመሙያው ቀዳዳም እንደዚሁ ነው፤ ግን ስለ እሱ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። ለቻይና ገበያ የተሠራች መኪና ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች አሏት፤ ባለ ሰባት ፒኗ ለቀስታ፣ ባለ ዘጠኟ ለፈጣን። ለአውሮፓ የተሠራችው ሁለቱን በአንድ አቀናጅታ ይዛለች። አንዱ ገመድ ከሌላው ጋር አይገጥምም፤ መሸጋገሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ መኪናዋን ከመውደድ በፊት በሰፈር ያለው መሙያ የየትኛው አገር ምላስ እንዳለው ማየት ነው። ባትሪው የብረት ፎስፌት ነው ወይስ ኒኬል ያለበት የሚለውም ይጠየቃል፤ የቢዋይዲው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፣ እሱ መቶ በመቶ ቢሞላ ብዙ አይቀየምም፤ ኒኬል ያለበትን ግን ለዕለት ሥራ ሰማንያ አካባቢ ማቆም ዕድሜውን ያረዝማል። የዋስትና ወረቀቱ ላይ የሚፈርመው ፋብሪካው ይሁን አስመጪው ይሁን ሳያነቡ ቀብድ አለመክፈል። ይህን ያልኩት ለራሴ ነው፤ እጄ ኪሴ ውስጥ ቼኩን እየዳበሰ ነበር።

ቡና ልንጠጣ ወጣ ስንል ከአንድ ሜትር ታክሲ ሹፌር ጋር አንድ ጠረጴዛ ደረሰን። የሚነዳው ዶልፊን ነው፣ ሁለተኛ ሊገዛ መጥቷል። ስንት ኪሎ ሜትር ትሄድልሃለች አልኩት።

«ስንት ትሄዳለች አትበለኝ» አለ፤ «የት ታድራለች በለኝ።»

እሱ ግቢ ተከራይቶ ነው የሚኖረው። አከራዩን ለምኖ የራሱን ቆጣሪ አስገብቷል፤ ሌሊት ተሰክታ ታድራለች፣ ጠዋት ሙሉ ናት። ጓደኛው ያችኑ መኪና ገዝቶ ማደሪያ ስለሌለው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መሙያ ጣቢያ ወረፋ ይይዛል። ያው መኪና፣ ያው ዋጋ፤ አንዱ ሲተኛ ይሞላል፣ ሌላው ሳይተኛ።

ቁጭ ብለን ሒሳቡን ሠራነው። ተራው የግድግዳ ሶኬት በ220 ቮልት አሥር አምፔር ቢሰጥ 2.2 ኪሎ ዋት ነው። 44.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያላትን ዶልፊን ከባዶ ለመሙላት ሃያ ሰዓት ይፈጃል። ያስደነግጣል። ነገር ግን ማንም በየቀኑ ከባዶ አይሞላም፤ በቀን አርባ ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ስድስት ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ነው የሚያወጣው፣ ያ በተራው ሶኬት ሦስት ሰዓት ነው። 7 ኪሎ ዋት የሚሰጠው የግድግዳ መሙያ ደግሞ 32 አምፔር ይጠይቃል፤ ምጣድ ተጥዶ ቆጣሪው ቢዘል ጎረቤት ምን እንደሚል መገመት ነው። የመብራት ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ ቢሆንም ከቤንዚን ጋር ሲወዳደር ገና ብዙ ይቀረዋል።

ያን ጊዜ አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ፦ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን መኪና ለዐፄ ምኒልክ ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ ወራት የፈጀበት መኪናዋ ደካማ ሆና አልነበረም፤ መንገድ ስላልነበረ ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ቡናቸውን አስቀመጡና «ተነሡ» አሉ። የት ስንል፦

«ቤታችሁ። መኪናውን አይተናል። ሶኬቱን አላየንም።»

ኮንዶሚኒየማችን ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። ጋሼ ከመኝታ ቤታችን መስኮት ሥር ቆመው ወደ ሦስተኛው ፎቅ አንጋጠጡ። ከዚያ እስከ መኪና ማቆሚያው በእርምጃ ለኩ፤ በመሐል የልጆች መጫወቻ አለ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ፣ የጎረቤት በርበሬ ተሰጥቷል። «ሠላሳ አራት ሜትር፣ ፎቁን ሳይጨምር» አሉ። «በዚህ ርዝመት ቀጭን ኤክስቴንሽን ብትዘረጋ ይግላል፤ ስትተኛ ያቃጥልሃል። ወፍራም ገመድ ነው፣ ያውም ተቀብሮ።»

ከጥበቃው ጎጆ ግድግዳ ላይ አንዲት ሶኬት አለች። ጋሼ እሷን ሲያዩ ጥበቃው ከውስጥ ወጣ።

«ለመኪና ከሆነ ተራ አለው ጋሼ። ሦስት ሰው ተመዝግቧል።»

«በማን ቆጣሪ ነው የምትቆጥረው?»

«እሱን እሑድ ኮሚቴው ይነጋገርበታል። እስከዚያ መመዝገብ ይቻላል።»

ደብተሩን አወጣ። በእጅ የተሠመሩ አምዶች አሉት፤ ስም፣ ቤት ቁጥር፣ የመኪና ዓይነት፣ የሚሞላበት ሰዓት። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ስሜን በአራተኛ ተራ ጻፉ። ቤት ቁጥሩን ጠየቁኝ፣ ጻፉት። ሦስተኛው አምድ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸውን አንሥተው አዩን።

«ባዶ ይተዉት» አለች ባለቤቴ።